ድምፅን ለሌላው ዓይን ማድረግ፦ መጽሐፍን በድምፅ ማንበብ እንዴት ይጀመራል?



በጎንደር ከተማ በፈተና ሰሞን ማታ ማታ የሚታይ ነገር አለ። አንድ ተማሪ ደብተሩን ዘርግቶ ጮክ ብሎ ያነባል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ዓይነ ስውር ጓደኛው ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል። አንባቢው ሲደክመው ወይም የራሱ ፈተና ሲደርስበት ንባቡ ይቆማል። ሰሚው ያችኑ ገጽ እንደ ገና ሊሰማ ቢፈልግስ? ሁለተኛ ጊዜ «አንብብልኝ» ማለት ይከብደዋል፤ ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ያፍራል። ስለዚህ «ገብቶኛል» ብሎ ዝም ይላል። ሳይገባው «ገብቶኛል» በማለቱ የሚጎዳው ግን እርሱ ራሱ ነው።

ያች ገጽ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ተነብባ ብትቀረጽ ኖሮ ማንንም ሳያስቸግር መቶ ጊዜ ሊሰማት ይችል ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው፤ ይኸውም መጽሐፍን በድምፅ አንብቦ የመቅረጽ ሥራ ምን እንደሚጠይቅና ከየት እንደሚጀመር ማስረዳት ነው። ብዙዎች ይህ ሥራ ሲነሣ «የእኔ ድምፅ አያምርም» ወይም «እኛ ጋ ስቱዲዮ የለም» ይላሉ። ሁለቱም ምክንያቶች እንደሚመስሉት ከባድ እንዳልሆኑ ወደ ፊት እናያለን። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ታማኝነትና ስሕተትን የሚነግር ሰሚ ነው።

ሰሚዎቹ እነማን ናቸው?

በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የዓይን ጤና ጥናት መሠረት ከ1000 ኢትዮጵያውያን መካከል 16 ያህሉ ማየት የተሳናቸው መሆናቸው ተገልጦ ነበር። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ዓይናቸውን ያጡት በሞራ ግርዶሽ ሲሆን፣ ከቀሪዎቹ መካከል ደግሞ በትራኮማ ምክንያት ያጡ ነበሩ። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ፣ በደጋው ገጠር ዓይናቸው የደከመ እናቶችና አባቶች በየቤቱ አሉ።

ነገር ግን ሰሚዎቹ ዓይነ ስውራን ብቻ አይደሉም። ፊደል ሳይቆጥሩ ያደጉ አሉ፤ በልጅነታቸው ተምረው ኋላ የረሱት አሉ፤ ማንበብ እየቻሉ የመነጽር መግዣ የሌላቸው አሉ። በወገራ ወይም በዳባት እርሻ ላይ የዋለ ሰው ማታ በኩራዝ ብርሃን መጽሐፍ አይገልጥም፤ ከብት ሲያግድ ወይም እህል ሲያበጥር ግን በሞባይል ስልኩ መስማት ይችላል። እንግዲህ አንድ ሰው መቅረጫውን ከመክፈቱ በፊት «ይህን የማነብበው ለማን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚነበበው የባዮሎጂ መጽሐፍ ለሽማግሌዎች ከሚነበበው ታሪክ በአነባበቡ ይለያልና።

ንባብ በአገራችን የቆየ ሙያ ነው

መጽሐፍን በድምፅ ማንበብ ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም። በተለይ ጎንደር ይህን ሙያ ከድሮ ጀምሮ ታውቀዋለች። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጁ ፊደሉን እንደ ጨረሰ ንባብን በደረጃ ይማራል፤ ቁጥር፣ ግዕዝ፣ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ እየተባለ ከየኔታ ፊት ቁጭ ብሎ ይለማመዳል። አንድ ቃል ተነሥቶ ይነበባል ወይስ ወድቆ የሚለውን ለመለየት «ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ» የተባሉ ስሞች አሉት። ይህ ሁሉ የሚያሳየው አበው ንባብን ፊደል ከመለየት በላይ አድርገው እንደ ሙያ ማስተማራቸውን ነው። ከዚህም በላይ ብዙ ዓይነ ስውራን መምህራን ትልልቅ መጻሕፍትን በጆሯቸው ሰምተው በቃላቸው ይዘው ለሌሎች አስተምረዋል።

በዘመናዊው መንገድም ቢሆን አገራችን የራስዋ ታሪክ አላት። ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ያሰራጭ የነበረው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በአማርኛም ፕሮግራም ነበረው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ፕሮግራም ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተርኮታል። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን አንብበው የማያውቁ ብዙ ሰዎች ጉዱ ካሣንና ፊታውራሪ መሸሻን በወጋየሁ ድምፅ ያውቋቸዋል። በ2010 ዓ.ም. ያረፈው ተዋናይ ፈቃዱ ተክለማርያምም በሬዲዮ ትረካ ስሙ የሚነሣ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ «ተራኪ»ን የመሰሉ የአማርኛ የድምፅ መጻሕፍት መተግበሪያዎች በሞባይል ስልክ መጥተዋል።

በሌላው ዓለምም የድምፅ መጽሐፍ የተጀመረው ለዓይነ ስውራን ሲባል ነው። በእንግሊዝ አገር እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ለዓይነ ስውራን የሚላኩ የሸክላ መጻሕፍት ተጀመሩ፤ ከተጠቃሚዎቹም መካከል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች ነበሩ። በአንዱ የሸክላ ገጽ ላይ የሚያዘው ንባብ ግማሽ ሰዓት አይሞላም ነበር። አንድ ልብ ወለድ ለመስማት ብዙ ሸክላ በሣጥን ተጭኖ መሄድ ነበረበት። ዛሬ ያ ሁሉ በጥፍር በምታህል የስልክ ካርድ ላይ ይሰፍራል። መሣሪያው ቀልሏል፤ የአንባቢው ኃላፊነት ግን አልቀለለም።

የመጀመሪያው ሥራ፦ የሚነበበውን መምረጥና ማስፈቀድ

ጀማሪ ሰው በትልቅ ልብ ወለድ አይጀምር። ከ10 እስከ 20 ገጽ የሚሆን ነገር ይበቃዋል፤ ለምሳሌ የጤና ማስተማሪያ ጽሑፍ፣ የእርሻ ምክር፣ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ ወይም አጭር ታሪክ። የተጀመረ ትልቅ መጽሐፍ መሐል ላይ ቢቀር ሰሚውን ያሳዝናል፤ ያለቀ ትንሽ ጽሑፍ ግን ይጠቅማል።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈቃድ ነው። በጎ ሥራ ስለ ሆነ ብቻ የሰው መጽሐፍ ያለ ፈቃድ አይወሰድም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት የደራሲው የገንዘብ መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ለምሳሌ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማንም ተነሥቶ ቀርጾ ሊሸጠው አይችልም። ደራሲውን ወይም ወራሾቹን ወይም አሳታሚውን መጠየቅ፣ የተሰጠውንም ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል።

ስለ ዓይነ ስውራን የተለየ በር ተከፍቷል። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 በማራካሽ ከተማ የተፈረመው ስምምነት፣ የታወቁ ድርጅቶች ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መጻሕፍትን በሚመች መልክ እንዲያዘጋጁ የሚፈቅድ ነው። ኢትዮጵያም በ2020 በዚሁ አቆጣጠር የስምምነቱ ተካፋይ ሆናለች። ይህ ማለት ግን ማንኛውም ሰው የቀረጸውን ለሁሉ ይበትን ማለት አይደለም። ስለዚህ አንድ ጉባኤ ሥራውን ሲጀምር ከትምህርት ቤቱ፣ ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከዓይነ ስውራን ማኅበር ጋር ተነጋግሮ ቢጀምር ይሻላል።

ጠብቆና ላልቶ

አማርኛን በድምፅ ለሚያነብ ሰው ትልቁ ወጥመድ በፊደሉ ላይ የማይታየው ነገር ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። «ዋና» ላልቶ ውኃ ላይ የሚዋኙት ነው፤ ጠብቆ ግን ዐቢይ ማለት ነው። «ሰፊ» ላልቶ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ጠብቆ ጠባብ ያልሆነው ነው። «አለ» ላልቶ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ይገኛል ማለት ነው።

ይህ የተናጋሪ ቅንጦት እንዳይመስለን። «ልጁ ይመታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ላልቶ ሲነበብ ልጁ መቺ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ተመቺ ነው። አንባቢው በአንድ ፊደል ሲሳሳት በዳዩና ተበዳዩ ቦታ ይለዋወጣሉ። በዓይኑ የሚያነብ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ያስተካክላል፤ በጆሮው ብቻ የሚቀበለው ሰው ግን የሰማውን ያምናል። ኮምፒዩተር አማርኛን ጮክ ብሎ ማንበብ በጀመረበት በዚህ ዘመን እንኳ ማሽኑን ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። የሰው አንባቢ ዋጋም እዚህ ላይ ይታያል፤ እርሱ የሚያነብበውን ያስተውላልና።

ስለዚህ ከቀረጻ በፊት ጽሑፉን ሁለት ጊዜ በዝምታ ማንበብ ግድ ነው። እርሳስ ይዛችሁ በሚያጠራጥረው ፊደል አናት ላይ፣ ከጠበቀ፣ ሁለት ነጥብ አድርጉበት። ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ በትንሽ ሰረዝ አመልክቱ። የማታውቁትን የሰውና የቦታ ስም ለሚያውቅ ሰው አስነብቡ፤ የጃናሞራን ወይም የበየዳን መንደሮች ስም ከዚያ የመጣ ሰው እንጂ መጽሐፍ አያስተምራችሁም። አኅጽሮቶችም አስቀድመው ይወሰኑ፤ «ት/ቤት» የሚለው «ትምህርት ቤት»፣ «ዓ.ም.» የሚለውም «ዓመተ ምሕረት» ተብሎ ይነበባል። ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ ዓመቱን በመጀመሪያው ገጽ በአንድ መንገድ ካነበባችሁ እስከ መጨረሻው በዚያው ጽኑ።

ጸጥ ያለ ቦታ

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የመጀመሪያ ቀረጻውን ያደረገው በሐምሌ ወር በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር። አርባ ገጽ ያህል አንብቦ በኩራት ለአንድ ዓይነ ስውር ወዳጁ አሰማው። ወዳጁም ጨዋ ሰው ነውና ጥቂት ካዳመጠ በኋላ፦ «ዝናቡ ደኅና አድርጎ ዘንቧል፤ አንተ ግን ምን አልክ?» አለው። አርባው ገጽ እንደ ገና ተነበበ። ጆሮአችን የለመደውን ድምፅ አይሰማውም፤ መቅረጫው ግን ሁሉንም ይይዛል።

በከተማችን ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ በቆርቆሮ ላይ ከበሮ ነው። በበጋም ቢሆን ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ይንጣጣል። ባጃጅ፣ ወፍጮ ቤት፣ ውሻ፣ ዶሮ፣ ድምፅ ማጉያ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ሁሉ እንግዳ ሆነው ይገባሉ። ስለዚህ ቦታና ሰዓት ምረጡ። አንድ ቀን ሙሉ በክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ምን ምን እንደሚሰማ በሰዓቱ መዝግቡ፤ ለብዙ ሰው ጥሩው ሰዓት ከእራት በኋላ ወይም ዶሮ ከጮኸ በኋላ ሰው ሳይነቃ ያለው ነው። በገበያ ቀን አትቅረጹ።

ሁለተኛው ችግር የክፍሉ ማስተጋባት ነው። ባዶ ግድግዳና የሲሚንቶ ወለል ድምፅን እየመለሱ ስለሚያንጫጩት ንባቡ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። እዚህ ላይ ገጠሩ ከከተማው ይበልጣል። ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ የተለሰነና የሣር ክዳን ያለው ጎጆ ድምፅን ውጦ ያስቀራል፤ ዝናብም በሣር ላይ እንደ ቆርቆሮው አይጮኽም። ስለዚህ በደባርቅ ወይም በዳባት ገጠር ያላችሁ ወገኖች «ስቱዲዮ የለንም» አትበሉ፤ አያቶቻችሁ ሠርተውላችኋል። በከተማ ያላችሁ ደግሞ ትንሽ ክፍል መርጣችሁ በአንባቢው ፊትና ጀርባ ብርድ ልብስና ጋቢ ስቀሉ፤ ወለሉ ላይም ምንጣፍ ወይም ፍራሽ አድርጉ። መስኮት ዝጉ፤ የግድግዳ ሰዓት አውጡ። ለመፈተን አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ወዲያው ከሞተ ክፍሉ ተዘጋጅቷል።

መሣሪያው

ለመጀመሪያ ጊዜ ደኅና የሞባይል ስልክ ይበቃል። ስልኩ ጥሪ እንዳይገባበት በበረራ ሁኔታ ላይ ይደረግ። ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይቀመጥ። ይህም የሚሆነው «ጰ»፣ «ጵ»፣ «ፕ»፣ «ብ» በሚሉ ፊደላት ላይ የሚወጣው ትንፋሽ መቅረጫውን እንዳይመታው ነው። በእጅ አትያዙት፤ የጣት እንቅስቃሴ ሁሉ ይሰማልና፣ በተደራረቡ መጻሕፍት ላይ በጨርቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ርቀቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ይሁን።

ኋላ ገንዘብ ሲገኝ ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኝ ማይክሮፎን መግዛት ይቻላል። ለማረሚያ የሚሆን «ኦዳሲቲ» የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ። የድምፅ መለኪያው በኮምፒዩተሩ ላይ ሲታይ ከፍተኛው ድምፅ ዜሮን መንካት የለበትም፤ ከዜሮ 3 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይበል። ዜሮን የነካ ድምፅ ይቀደዳል፤ የተቀደደ ድምፅ ደግሞ ኋላ አይሰፋም።

በእያንዳንዱ ቀረጻ መጀመሪያ ላይ አሥር ሰከንድ ያህል ዝም በሉ። ይህ የክፍሉን ዝምታ ለመያዝና ኋላ በእርማት ጊዜ ክፍተቶችን ለመሙላት ይጠቅማል። መብራት ስለሚጠፋም ስልኩን አስቀድማችሁ ሙሉ፤ የዕለቱን ሥራም በዚያው ቀን በሁለት ቦታ አስቀምጡ። የጠፋ ቀረጻ እንደ ተነቀለ ችግኝ ነው፤ እንደ ገና ከመትከል በቀር መድኃኒት የለውም።

አነባበብ

አሁን ወደ ድምፅ እንመጣለን። የሚያምር ድምፅ ስጦታ ነው፤ የሚገባ ድምፅ ግን ልምምድ ነው። ዜና አንባቢን ወይም ሰባኪን አትምሰሉ። አንድ ሰው አጠገባችሁ እንደ ተቀመጠ አስባችሁ ለእርሱ ብቻ ንገሩት። መቶ ሰዎች ቢሰሙትም እያንዳንዳቸው የሚሰሙት ብቻቸውን ነው።

ጀማሪዎች ሁሉ የሚቸኩሉ ናቸው። ዓይን መስመሩን ቀድሞ ስለሚያይ አፍ ሊከተለው ይሮጣል። በነጠላ ሰረዝ ላይ አጭር ዕረፍት፣ በድርብ ሰረዝ ላይ ትንሽ ረዘም ያለ፣ በአራት ነጥብ ላይ ሙሉ ትንፋሽ ይወሰድ። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ብዙ አንባቢ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ይደክማል፤ «ነው» እና «አይደለም» የሚሉት ቃላት ይዋጣሉ። ነገሩ ሁሉ የሚፈታው ግን በማሰሪያው ነውና እስከ መጨረሻው ትንፋሽ አስቀሩ። አንድ ሰው «መድኃኒቱን ከምግብ በፊት አይውሰዱ» የሚለውን የመጨረሻውን ቃል ቢውጠው የሚደርሰውን ጉዳት አስቡ።

በታሪክ ውስጥ ሰዎች ሲነጋገሩ ድምፅን ፈጽሞ መለወጥ አያስፈልግም። ለሽማግሌው ዘገም ማለት፣ ለልጁ ፈጠን ማለት ይበቃል። ዋናው ነገር ሰሚው ማን እንደ ተናገረ መለየቱ ነው። የጎንደር አነጋገራችሁንም አትሸሽጉት፤ ንግግራችሁ ጥርት ያለ እስከ ሆነ ድረስ ያደጋችሁበት ቅላጼ ነውር አይደለም። የሌላ አገር ሰው የሚያስመስል አንባቢ ግን ከሦስት ገጽ በኋላ ይደክመዋል፤ ሰሚውም ይታዘበዋል።

ስትሳሳቱ አትቆጡ። መቅረጫውን ሳትዘጉ አንድ ጊዜ አጨብጭቡና ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ድገሙት። ጭብጨባው በኮምፒዩተሩ ላይ እንደ ችካል ከፍ ብሎ ስለሚታይ አራሚው ስሕተቱን በቀላሉ ያገኘዋል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት አታንብቡ፤ ለብ ያለ ውኃ አጠገባችሁ ይኑር። ከቆላ ወደ ደባርቅ የወጣ ሰው ትንፋሹ ቶሎ ስለሚያጥረው አጫጭር ክፍሎች ይምረጥ።

ለተማሪዎች የምታነቡ ከሆነ ሦስት ነገሮች ጨምሩ። 1ኛ፦ የገጹን ቁጥር ተናገሩ፤ መምህሩ «ገጽ 47» ሲል ተማሪው የት እንደ ሆነ እንዲያውቅ። 2ኛ፦ ሠንጠረዥና ሥዕል አትዝለሉ፤ የሚያሳየውን በአጭሩ ግለጡ። የዘለላችሁት ሥዕል በፈተና ላይ ይመጣል። 3ኛ፦ በጽሑፉ ላይ የራሳችሁን አስተያየት አትጨምሩ፤ የማትስማሙበትንም አትቀንሱ። አንባቢ አማኝ መልእክተኛ ነው፤ ደብዳቤውን ያደርሳል እንጂ አያርመውም።

ማረምና ማዳረስ

ሥራው በቀረጻ አያበቃም። በሙያው ያሉ ሰዎች ለአንድ ሰዓት የተጠናቀቀ ንባብ እስከ ስድስት ሰዓት ሥራ እንደሚጠይቅ ይናገራሉ፤ ዝግጅቱ፣ ቀረጻው፣ እርማቱና የመጨረሻው ማዳመጥ ተደምሮ ማለት ነው። ለመገመት እንዲመቻችሁ ሦስት ገጽ አንብባችሁ ሰዓት ያዙ። አንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ከወሰደባችሁ 200 ገጽ ያለው መጽሐፍ 600 ደቂቃ፣ ማለትም 10 ሰዓት ንባብ ይሆናል፤ ሥራው ግን 60 ሰዓት ያህል ነው። ይህን ሳያሰሉ የሚጀምሩ ብዙዎች መንገድ ላይ ይቀራሉ።

የተቀረጸው በየምዕራፉ ተከፍሎ 01፣ 02፣ 03 ተብሎ ይሰየም። በመጀመሪያው ላይ የመጽሐፉ ርእስ፣ የደራሲውና የአንባቢው ስም ይነገር። ዋናው ቅጂ ሳይጨመቅ በጥንቃቄ ይቀመጥ፤ ይህም በአንድ ማይክሮፎን ለተቀረጸ ንግግር በሰዓት 320 ሜጋባይት ያህል ነው። ለሰሚው የሚሰጠው ግን ተጨምቆ በኤም ፒ 3 ይዘጋጅ፤ ለንግግር በሰከንድ 64 ኪሎቢት ይበቃል። በዚህ ልክ አንድ ሰዓት ንባብ 29 ሜጋባይት ያህል ስለሚሆን 8 ጊጋባይት በሚይዝ ካርድ ላይ ከ270 ሰዓት በላይ ይገባል።

ካርዱን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት ከተነሣ በኋላ የኢንተርኔት አገልግሎት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በኢንተርኔት ብቻ የሚገኝ መጽሐፍ በዚያ ጊዜ ከሰሚዎቹ ተለይቷል፤ በካርድ ላይ የነበረው ግን ከስልክ ወደ ስልክ እየተሸጋገረ መሰማት ይችል ነበር። ለሰሜን ጎንደር ደጋ የሚዘጋጅ ሥራ ሁሉ ይህን ማሰብ አለበት።

ስለ ገንዘብም አንድ ቃል እንበል። በትረካ ኑሯቸውን የሚደግፉ ተዋንያንና የሬዲዮ ሰዎች አሉ፤ በዚህ መንገድ መሄድ የሚሻ ወጣት ለሬዲዮ ጣቢያዎች፣ ለአሳታሚዎችና ለመተግበሪያ አዘጋጆች የሚያሰማው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚሆን ንጹሕ ናሙና ያስፈልገዋል። ያንን ናሙና ለማግኘት ግን ለዓይነ ስውር ጎረቤት ጥቂት ምዕራፎችን አንብቦ ስሕተቱን ከመስማት የተሻለ ትምህርት ቤት የለም።

ለጉባኤያትና ለፕሮጀክት ሠራተኞች

ይህ ሥራ ለአንድ ሰው ብቻ ከተተወ ይደክማል። ሦስት ሦስት ሰዎች ቢመደቡ መልካም ነው። አንዱ ያነባል። ሁለተኛው መጽሐፉን ይዞ በዓይኑ ይከተላል፤ የተዘለለ ወይም ላልቶ የተነበበ ቃል ሲያገኝ እጁን ያነሣል። ሦስተኛው ሰሚ ነው፤ የሚቻል ከሆነ እርሱ ራሱ ማየት የተሳነው ሰው ይሁን። መጽሐፉን ሳያይ ያዳምጥና ያልገባውን፣ የሰለቸውን፣ ያልሰማውን ይንገር። ይህን ሦስተኛውን ሰው አትዝለሉት። እርሱን እንደ ተረጂ ብቻ ሳይሆን እንደ መምህራችሁ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በዚህ ሥራ ውስጥ ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ እርሱ ነውና።

ሲጀመር ምን እንደሚነበብም ሰሚዎቹ ራሳቸው ይምረጡ። እኛ ይጠቅማቸዋል ያልነው ሌላ፣ እነርሱ የሚሹት ሌላ ሊሆን ይችላል። ተማሪው የኬሚስትሪ ምዕራፍ ይሻ ይሆናል፤ እማማ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት የጤና ምክር ይሹ ይሆናል፤ አባባ ደግሞ ሊስቁበት የሚችሉት ተረት ይሹ ይሆናል። ሁሉም ተገቢ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሊደረግ የሚችል ነገር ይኸውላችሁ። በአካባቢያችሁ ማንበብ የማይችል አንድ ሰው ፈልጉና «ምን ላንብብልህ?» ወይም «ምን ላንብብልዎ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመረጠውን አሥር ገጽ አስፈቅዳችሁ ውሰዱ፤ ሁለት ጊዜ በእርሳስ አንብቡት፤ ጸጥ ባለ ሰዓት ጋቢ በተሰቀለበት ክፍል ውስጥ ቅረጹት። ከዚያም ወስዳችሁ አሰሙትና ዝም ብላችሁ ፊቱን ተመልከቱ። የት ላይ እንደ ሳቀ፣ የት ላይ እንደ ተጨነቀ፣ የት ላይ «መልሰው እስቲ» እንዳለ ታያላችሁ። እዚያው ላይ ጀምራችኋል።

ያ በጎንደር በፈተና ሰሞን «ገብቶኛል» ብሎ ዝም ያለው ተማሪም በዚያን ጊዜ ማንንም ሳያፍር ያችን ገጽ ራሱ መልሶ ያሰማታል። አራተኛ ጊዜም ቢሆን።